ሟች ካልመጡ ዋይፋይ የለም

ይህን የምጽፈው በሞባይል ዳታ ነው። አሁን ነው ከሰልፍ የገባሁት፤ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ።

እሺ፣ ጀማሪው እኔ ነኝ። ትናንት ማታ የኦንላይን ስብሰባ ላይ ምስሌ አፉን ከፍቶ ሲደርቅ በንዴት 192.168.1.1 ብዬ የራውተሩ (የዋይፋይ ሳጥኑ) መቆጣጠሪያ ገጽ ውስጥ ገባሁ። 23 ስልክ ተገናኝቷል! ግቢው ውስጥ ያለነው ዶሮዋን ጨምሮ ሰባት ነን። ፓስዋርዱን ቀየርኩ፣ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ዋይፋይ ለይቼ ከፈትኩ፣ ፍጥነቱን ገደብኩት፣ ለአከራዬ ለእትዬ አዲሱን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። እንደ ጀግና ተኛሁ።

ጠዋት የእህታቸው ልጅ "እምቢ አለኝ" ብሎ የራውተሩን የሪሴት ቀዳዳ፣ ሁሉን ወደ መጀመሪያው የምትመልሰዋን፣ በመርፌ ወጋት። አስር ሰከንድ! የኔ ማታ ሙሉ ልፋት ሄደ፤ መስመሩ የሚገናኝበት ዩዘርና ፓስዋርድም አብሮ ሄደ። ይሄ ልጅ እኮ ባለፈው ወር ብሎክ ሳደርገው የስልኩን ማክ አድራሻ (ራውተሩ ስልኩን የሚለይበትን ቁጥር) ቀይሮ ተመልሶ የገባ ነው። ያንን ያውቃል፣ ይሄን አያውቅም!

ለቴሌ ደወልኩ። "አጥፍተው ያብሩት።" አጠፋሁ፣ አበራሁ። "ቢሮ ይምጡ።" ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ደረሰኝ።

"መስመሩ በማን ስም ነው?"
"በአከራዬ ባለቤት።"
"መታወቂያ ይዘው ራሳቸው ይምጡ።"
"አርፈዋል።"
"እረፍታቸውን ሲጨርሱ ይምጡዋ።"
"ሞተዋል፣ እህቴ!"

ከኋላዬ ሰልፉ በሙሉ "ነፍስ ይማር" አለ። እሷ ግን ቀና እንኳ አላለችም። "እንግዲያው የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። እርስዎ ምናቸው ነዎት?"
"ተከራይ።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ ራሱ አነሰ። ያየችኝ አስተያየት! የሟችን ቤት ልወርስ የመጣሁ ነው የመሰልኳት። ለአንዲት ፓስዋርድ ፍርድ ቤት!

ደግሞ ምን ዓይነት ኢንተርኔት መሰላችሁ። 10 ሜጋ ይባላል፤ ሜጋቢት ስለሆነ ለስምንት ሲካፈል ፋይል የሚወርደው ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። እሱም ከደረሰኝ። እትዬ አቧራ እንዳይነካው ብለው ራውተሩን ብፌ ውስጥ ከሰርግ ሳህኖቻቸው ጀርባ ከተውታል፣ ዳንቴል አልብሰው። ፈጣኑ የዋይፋይ ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዙ፣ ሁለት ግድግዳ አልፎ እኔ ክፍል ሊደርስ ቀርቶ ከሳህኑም አያልፍም። አውጡት ስላቸው "ልጄ፣ እንግዳ ምን ይለኛል?" መብራት የሄደ ቀንማ አናንሳው።

ግማሹን ሂሳብ በየወሩ የምከፍል እኔ ነኝ እንግዲህ። እትዬ ታሪኩን ሲሰሙ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "አንተም ባትነካካው ኖሮ..."

ይሄው ልጁ በሬ ላይ ቆሟል። "ጋሼ፣ ሆትስፖት ታበራልኛለህ? የቤት ሥራ አለብኝ።"

አበራሁለት። ሦስት ስልክ ገብቷል። ፓስዋርዱን የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው።