«የሰልጣኙ ስህተት» ብሎ መዝጋት ይቀላል
ስለ ሰልጣኙ አብራሪ አደጋ በሚያወራው ጽሑፍ ውስጥ «ብቻውን ሲበር የተከሰከሰው በራሱ ስህተት ነው» የምትለዋ መስመር አልተዋጠችልኝም። ልጁ እኮ ሰልጣኝ ነው፣ ይሳሳታላ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ጦር ሜዳ ሳይደርሱ፣ እዚያው አገራቸው ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ያጣቻቸው የአየር ኃይል ሰዎች ወደ 15,000 ይጠጋሉ። ይሄ ሁሉ ሰው ሰነፍ ነበር? ጀርመንማ መጨረሻ ላይ ነዳጅ ሲያጥራት የሥልጠና ሰዓቱን ቆርጣ ቆርጣ ልጆቹን ጥሬያቸውን ነው የላከቻቸው። ከላይ አስተያየት ላይ «በዝቅታ ሲዞር ለምን ፍጥነት አልጨመረም?» ላልከው ወንድሜ፣ እኔም በትንሽ አውሮፕላን ተምሬያለሁ። ለማረፍ የመጨረሻዋን ዙር ስትዞር ማኮብኮቢያው የሚያመልጥህ ይመስልሃል፣ እጅህ ሳታስበው መሪውን ይስባል። ከፍታ ሳትቀንስ 60 ዲግሪ ካጋደልክ ደግሞ አየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልግህ ትንሹ ፍጥነት በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፍጥነትህ ከዚያ ካነሰ መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ዝም ብሎ በአንዱ ክንፉ በኩል ወደ ታች ይወድቃል። እኔ የተሳሳትኩት ከፍ ብለን ስንለማመድ ስለነበር አስተማሪዬ መሪውን ነጥቆ ወደፊት ገፋው፣ ተረፍን። ለዚያ ልጅ ማን ይንጠቅለት?