ማስተካከያ፦ የዊንዶውስ 10 የዴስክቶፕ ምስሎች የት ነው ያሉት?

ቀደም ሲል በወጣው መረጃ፣ የዊንዶውስ 10ን የ4ኬ ምስሎች ለማግኘት የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል ተብሎ ነበር። አያስፈልግም። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ዌብ፣ ከዚያ 4ኬ፣ ከዚያ ዎልፔፐር፣ ከዚያ ዊንዶውስ የሚሉትን ፎልደሮች መክፈት ይበቃል፤ ታዋቂው ሰማያዊ የመስኮት ምስል በ3840 በ2160 ፒክስል እዚያው አለ።

በእርግጥ የተደበቀው አፕዳታ የሚባለው ፎልደር ነው። ስክሪኑ ሲቆለፍ የሚፈራረቁት የስፖትላይት ፎቶዎች የሚጠራቀሙት በእሱ ውስጥ ነው። የፋይሎቹ ስም ረጅም የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ነው፤ ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ ከስማቸው መጨረሻ ነጥብ ጄፒጂ ስትጨምሩ ይከፈታሉ። ጥራታቸው ግን በአብዛኛው 1920 በ1080 እንጂ 4ኬ አይደለም። ለስልክ የሚሆኑ ቁመታም ምስሎችም ተቀላቅለውበታል። በጣም ትንንሾቹን ፋይሎች ዝለሏቸው፣ ብዙዎቹ የአፕሊኬሽን ምልክቶች ናቸው።