የገዛሁትን ጨዋታ ክፈቱልኝ

የቪዲዮ ጌም ዘመን የማይሽረው የጥበብ ሥራ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። አንደኛው ወገን «የልጅ መጫወቻ ነው፤ ሥራ ፈት ማብዣ ነው» ብሎ ያጣጥላል፤ ሌላኛው ወገን የምስሉን ጥራትና የማሽኑን ጉልበት እየቆጠረ ያሞግሳል። እዚህ ጎንደር ተቀምጦ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን ጨዋታ መክፈት ያቃተውን ሰው ብሶት የሚያነሣ ግን ከሁለቱም ወገን አላየሁም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ ይችላል። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ2010 የቪዲዮ ጌም መቼም ቢሆን ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፎ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ግን ጨዋታዎቹን በቅጡ ሳያውቅ ያንን መጻፍ እንዳልነበረበት ራሱ አመነ። በ2012 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም 14 ጨዋታዎችን በስብስቡ ውስጥ አካተተ፤ ከእነዚህም አንዱ አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው ቴትሪስ ነው። እኔን ያሳመነኝ ግን ሙዚየሙ አይደለም፤ ጃፓናዊው ፉሚቶ ኡዌዳ የመራው፣ በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» ነው።

በዚህ ጨዋታ አንድ ወጣት የሞተች ልጃገረድን ነፍስ ለማስመለስ ሲል በአንድ ባድማ ምድር የሚኖሩ 16 ግዙፋን ፍጡራንን እየፈለገ ይገድላል። ከእነርሱ በቀር የሚዋጋው ጠላት የለም፤ ያለው ረጅም የፈረስ መንገድ፣ ዝምታና ነፋስ ነው። ግዙፉን አግኝቶ ጠጉሩ ላይ ሲንጠላጠል አንድ ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ግድ ነው፤ ፍጡሩ ሲወራጭ የተጫዋቹ ጣት በእውነት ይደክማል፣ ያልበዋል፣ ከለቀቀም ይወድቃል። በመጨረሻ ሰይፉን ሲሰካ የድል ዜማ ይጠብቃል፤ የሚሰማው ግን የለቅሶ ዜማ ነው። ማንም መጥቶ «ምን አደረገህ ብለህ ገደልኸው?» አይለውም፤ ቁልፉን ይዞ የቆየው ግን የገዛ ጣቱ ስለሆነ የሚያመካኝበት ሰው የለውም። ልብ ወለድም ሆነ ፊልም ገዳዩን ሊያሳየኝ፣ ሊያሳዝነኝም ይችላል፤ እኔኑ በግድያው ውስጥ አስገብቶ ሲያበቃ ከሬሳው ጋር የሚተወኝ ግን ጨዋታ ነው፤ ታላቅነቱም እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ይህን በከተማችን ጌም ቤቶች ማስረዳት ከባድ ነው። እዚያ ያለው በላስቲክ የታሰረ ጆይስቲክ፣ አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቅ ልጅና ጎል በገባ ቁጥር የሚነሣ ጩኸት ነው፤ ሒሳቡ በግጥሚያ ስለሚታሰብም ባለቤቱን ከእግር ኳስ በቀር የሚያዋጣው ነገር የለም። ልጆቹን አልወቅስም፤ ኳሱን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሰው ጌም ሲባል የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ በመሆኑ፣ «ጥበብ ነው» ስለው በትሕትና ይስቅብኛል።

ሳቁን እችለዋለሁ፤ ያልቻልሁት የሚከተለውን ነው። በቅርቡ አዲስ አበባ በሚመላለስ ወዳጄ በኩል አንድ ጨዋታ በዲስክ አስመጣሁ። ዲስኩን ሳስገባው በአሥር ጊጋባይት የሚቆጠር አፕዴት ካላወረድህ አልከፈትም አለኝ። ማውረድ ስጀምር መብራት ሄደ፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ጠፋ፤ ሁለቱ በተገናኙ ዕለት ደግሞ ፓኬጁ አለቀ። ይህ ሁሉ ሆኖ አፕዴቱ ካለቀ በኋላም፣ ብቻዬን የምጫወተው ጨዋታ ሆኖ ሳለ፣ በተከፈተ ቁጥር ከሰርቨሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሚገኘው የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ጋር ካልተገናኘሁ ይለኛል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያሉት ጨዋታዎች ሁሉ የመደርደሪያ ጌጥ ሆነው ከረሙ፤ የኡዌዳ አሮጌ ዲስክ ግን መብራት እስካለ ድረስ ምንም ሳይጠይቅ ይከፈት ነበር። አዲሱን ከአሮጌው የሚያሳንስ ሥልጣኔ ምን ይባላል?

ችግሩ የጎንደር መብራትና ኔትወርክ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የጨዋታ ኩባንያው ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ጨዋታ ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሲዘጋ፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ለብቻቸው ይጫወቱት የነበሩ ሰዎችም እንኳ ማስነሣት አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ነው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» (ጨዋታዎችን መግደል ይቁም) የተባለው ዘመቻ የተነሣው። በ2023 የወጣ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ጥናትም አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ ላይ እንደማይገኙ ገልጿል። ሥራው ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ከእጅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘመን ይሻረው አይሻረው ማን አይቶ ይፍረድ?

እስቲ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡና ቀና በሉ። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው፤ በጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ዛሬም በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቻቸው ያዩናል። ሥዕሉ ከሣለው እጅም፣ ካሠሩት ነገሥታትም፣ ከመንግሥታቸውም በኋላ ኖሯል። የካህናቱና የምእመናኑ ጥበቃ ባይኖር አይተርፍም ነበር፤ ጨዋታውን ግን እኛ እንጠብቀው ብንል እንኳ ቁልፉ በኩባንያው እጅ ነው፤ ትርፉ የቀነሰ ዕለት ይዘጋዋል። አሮጌ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር የሚያስነሡት ኢሙሌተሮች እንኳ በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚደክሙ አፍቃሪዎች ሥራ ናቸው፤ እነርሱንም በሌብነት የሚከስሳቸው አይታጣም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተሠራ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት ይከፈት፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሥራ ሙሉ ይሁን፤ ሰርቨር መዝጋት ግድ ከሆነም ከመዘጋቱ በፊት ያለ ሰርቨር የሚያሠራው የመጨረሻ አፕዴት ይልቀቁልን። «ኔትወርክ ቀይር» ብላችሁ ኮሜንት ልትጽፉልኝ የተዘጋጃችሁ ደግሞ ተዉኝ፤ ቀይሬ አይቼዋለሁ።