ይድረስ ለክቡር ብዥ ያለ ፎቶ

ጉዳዩ፦ ከገጽ 24 በክብር እንዲነሱልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የጋዜጠኝነት ክፍል ተማሪዎች ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነን። ናፍቆት እንኳ የለብንም። በየዓመቱ፣ የዓመት መጽሔታችን ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ አንድ ሌሊት ሲቀረው ሳይጠሩ ከች ስለሚሉ፣ ለመናፈቅ ፋታ ሰጥተውን አያውቁም።

ገጽ 24 እና 25 የድራማ ክበብ ድርሻ ናቸው፤ አቀናባሪው እኔ ነኝ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት እዚያ ሰፈር ሰላም ነበር። ሁለቱን ገጾች እንደ አንድ ሸራ ቆጥሬ በአምድ ከፋፍዬ፣ በየፎቶው መካከል ያለውን ክፍተት አንድ ፓይካ አድርጌ ነበር። ፓይካ የኢንች አንድ ስድስተኛ ናት፤ ከ4 ሚሊ ሜትር እምብዛም አትበልጥም። ትንሽ ናት ብለው ግን አይናቋት። መምህራችን ያለ ማስመሪያ፣ በዓይናቸው ብቻ ነው የሚለኳት። ባለፈው አንዱ ክፍተት ሰፋ ቢልባቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ተኳርፏል እንዴ?» አሉ። በእሳቸው ሕግ ገጽ ሁሉ አንድ አባወራ ፎቶ ይኖረዋል፤ ከሌሎቹ ቢያንስ እጥፍ የሚሆን። የአንባቢ ዓይን መጀመሪያ እሱ ጋ ያርፍና ከዚያ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ፎቶው ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ገጹ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይመለከትም፤ ወደ ውጭ ካየ አንባቢውም አብሮት ይወጣል።

እኔም አባወራ ነበረኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ፊቷን ስትቀባ የተነሳች ልጅ ናት፤ የብሩሹ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዓይኗም ወደ ገጹ ውስጥ ነው። (ያነሳኋት እኔ ስለሆንኩ ከዚህ በላይ ባላጋንን ይሻላል።)

ከዚያ እርስዎ መጡ።

የክበቡ ሊቀመንበር «ዋናው ፎቶ ይሄ ነው፤ ሁላችንም ያለንበት ሌላ የለም» ብሎ ላከዎ። ከፈትኩዎ። መጀመሪያ ጭጋግ መሰሉኝ። ጠጋ ስል ሰዎች አሉ፤ ሰባት ይሆናሉ። ራስጌዎ ላይ 3 በመቶ የቀረው ባትሪ ይታያል። ግርጌዎ ላይ የማን እንደሆነች ያልታወቀች ቀይ ልብ አለች። መሀል ላይ፣ ንጉሥ ሆኖ የተወነው ልጅ ግንባር ላይ፣ ነጭ ባለሦስት ማዕዘን ጉብ ብላለች። ዘውድ መስላኝ ነበር። ለካ የቪዲዮ ማጫወቻ ምልክት ናት! ክቡርነትዎ ፎቶም አልነበሩም፤ ገና ሳይጫወት በስክሪንሾት የተያዘ ቪዲዮ ነዎት።

የትውልድ ሐረግዎን አጣራሁ። ሲወለዱ ጤነኛ ነበሩ አሉ። ጨለም ባለ አዳራሽ ከኋላ ወንበር የቀረጸዎ ልጅ ለክበቡ ግሩፕ ላከዎ፤ መተግበሪያው መንገድ ላይ ጨመቅ አደረገዎ። አንዷ ስክሪንሾት አንስታ ልብ ለጠፈችብዎ። ሌላው ግራና ቀኝዎን ከርክሞ ለሊቀመንበሩ አሳለፈዎ፤ እሱም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ላከዎና ዳግመኛ ተጨመቁ። የጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ጠባይ እንደሆነ ይታወቃል፤ ፋይሉን የሚያቀለው ዓይን ቶሎ ልብ የማይለውን ዝርዝር እየጣለ ነው። ተነካክቶ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ ሌላ ይጥላል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ 640 በ480 ፒክስል (ምስል የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ቀርተዋል፤ ሲባዛ 307,200። አንድ ኤ4 ገጽ ከዳር እስከ ዳር ለመሸፈን፣ ማተሚያ ቤቶች በሚወዱት በኢንች 300 ፒክስል ሲታሰብ፣ 2480 በ3508፣ ማለትም ወደ 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ይጠይቃል። እርስዎ ግን የገጹን ስፋት ካልሞላሁ ብለው ድርቅ አሉ። 21 ሴንቲ ሜትር ላይ ስዘረጋዎ በኢንች 77 ብቻ ቀረዎ። የንጉሡ አፍንጫ ሦስት ካሬ ሆነ።

«በስልኬ ግን ጥርት ብሎ ይታያል» አለ ሊቀመንበሩ። ይታያላ! መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ ማን ብዥ ይላል? መጽሔቱን በስልኩ ልክ እናትመው ይሆን ብዬ ለአፍታ አሰብኩ።

ከዚያ የክፍላችን ሊቃውንት ተነሱ። አንዱ የምስል ማስተካከያውን ከፍቶ በኢንች 72 ፒክስል የሚለውን አጠፋና 300 ጽፎ «ጨረስኩ» አለ። ውጤት ካርድ ላይ 40ን ደልዞ 90 መጻፍ ይሏል ይህ ነው። ፕሮግራሙ የሌለ ፒክስል ከየት ያመጣል? ጎን ለጎን ያሉትን አይቶ በግምት ይፈጥራል እንጂ። ግምቱም ንጉሡን ሰም የተቀባ አስመሰለው። ሌላዋ «ላጥራው» ብላ ጠርዝ የሚያደምቀውን መሣሪያ እስከ ጥግ ሳበችው፤ የሁሉም ራስ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ወጣበትና ኮሜዲው የቅዱሳን ሥዕል ሆኖ ቁጭ አለ። ሦስተኛው ደግሞ «በሁለቱም ገጽ ላይ እናጋድመው፤ ትልቅ ሲሆን ይጠራል» አለ። ቃሉን እንዳለ ነው የጻፍኩት። ሞከርነው። በኢንች ወደ 39 ወረዱ፤ የመጽሔቱ መሀል እጥፋት ደግሞ ንግሥቲቱን ከነዘውዷ ዋጣት።

በርዕስ ልሸፍንዎም ሞክሬ ነበር። በላቲን ፊደል የሚያቀናብሩት ሲቸግራቸው ርዕሱን በትልልቁ ፊደል ያስጮኹታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር የለውም፤ ሀ ያው ሀ ነው። ያለን መጠንና ውፍረት ብቻ ነው። 60 ፖይንት ደማቅ አድርጌ ጫንኩብዎ። ርዕሱ ጥርት ብሎ ሲወጣ እርስዎ ከበፊቱ ይብስ ደበዘዙ።

ከሁሉ የባሰው የፎቶ መግለጫው ነው። በመምህራችን ሕግ ፎቶ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ስሙ ይጻፋል፣ ከግራ ወደ ቀኝ። «ፊቱ የማይታይስ?» ብዬ ብጠይቅ «ፊት ባይኖረው ስም የለውም?» አሉኝ። በእረፍት ሰዓት ሰባቱን ጠርቼ ስክሪኑ ፊት አቆምኳቸው። ሦስተኛዋን ጭጋግ ሁለት ልጆች «እኔ ነኝ» አሉ።

«ሻሹ የኔ ነው!»

«እሱ ሻሽ አይደለም፣ ወንበር ነው።»

ዳር ላይ የቆመውን ቀጭን ረጅም ጥላ ግን የሚፈልገው ጠፋ። ተገፍቶ ተገፍቶ ለአንዱ ዝምተኛ ልጅ ተሰጠ፤ ስሙንም ጻፍንበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጋረጃው ዘንግ መሆኑ ተደረሰበት። «ታዲያ አንተ የት ነህ?» ቢሉት፣ ዝምተኛው ልጅ «እኔማ እየቀረጽኩ ነበር» አለ። ሁላችንም ያለንበት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ክቡር ሆይ፤ ጨካኝ አይደለሁም። በ300 ሲሰላ የሚገባዎ ስፋት 5.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያንኑ ሳላጓድል ሰጠሁዎ። ገጽ 25፣ ታችኛው ጥግ፣ የቀለም ዝብርቅርቅዎ እንዳይታይብዎ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሬ። ሊቀመንበሩ «ክበባችንን አሳነስከው» ብሎ አኮረፈኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ አይደል? እሱን ችዬው ነበር። ያላሰብኩት ፊቷን የምትቀባዋ ልጅ መምጣቷን ነው። አባወራዋ ራሷ! የገጹን ረቂቅ ዘለግ ላለ ጊዜ አየችው። «ያምራል» አለች። ቀጥላ ጣቷን ጥጉ ላይ፣ እርስዎ ላይ አሳርፋ «ግን ይሄኛውን ተለቅ ብታደርገውስ? እዚህኛው ላይ ጓደኞቼ አሉ» አለችኝ። የትኛዋ ጭጋግ እንደሆነች ጠየቅኳት። ሳታመነታ አሳየችኝ፤ የእያንዳንዳቸውንም ነገረችኝ፤ መግለጫውን በሁለት ደቂቃ ጨረስነው። ሻሹ በእርግጥም ወንበር ነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስጨርስ ገጽ 24 ላይ 10.5 ሴንቲ ሜትር ይዘው፣ በኢንች 155 እየተነፈሱ፣ ተንሰራፍተው ተቀምጠዋል። ጉዳዩ የሚለውን መስመር ለማረም ጊዜ የለኝም፤ ፋይሉ ሊሄድ ነው። ባትሪውንና ልቧን ከርክሜያለሁ። ባለሦስት ማዕዘኗን ግን ብነካት ግንባሩም አብሮ ሊሄድ ስለሆነ ትቻታለሁ፤ መግለጫው ላይ «ንጉሡ (ባለምልክቱ)» ብለን ጽፈናል።

ከማይቀረው ሰላምታ ጋር፣
የገጽ 24 እና 25 አቀናባሪ

ግልባጭ፦
ለመሀል እጥፋት፣ ንግሥቲቱን እንዲመልስ
ለዝምተኛው ቀራጭ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ፋይል እንዲልክ
ለ3 በመቶው ባትሪ ባለቤት፣ ቻርጅ እንዲያደርግ