ጥርስ ከመተከሉ በፊት አጥንቱ ይታይ

ስለ ጥርስ ተከላ በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚያዘወትረው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ስለሚገባው ብሎን ዓይነትና በላዩ ስለሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ መልክ ነው፤ ሸክሙን ሁሉ ስለሚችለው አጥንት የሚጠይቅ ታካሚ ጥቂት ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ብሎኑ የሚሠራበት ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋር አጥብቆ እንደሚጣበቅ ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ ተከላውን ካደረጉ ወዲህ ብሎኑ በቅርጹም በገጽታውም ብዙ ተሻሽሏል። ብሎኑ የሚገባበት መንጋጋ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ታካሚው ፈቃዱን በፊርማ ከመስጠቱ በፊት የገዛ አጥንቱን በምስል ሊያይና ሊብራራለት ይገባል የሚል አቋም አለኝ።

በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት የሚዘልቅ ቦይ አለ። በቦዩ የሚያልፈው ነርቭ ለታች ጥርሶች፣ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት ይሰጣል፤ ከክራንቻው ኋላ ባሉት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች ሥር አካባቢ በምትገኝ ቀዳዳም ወደ ውጭ ይወጣል። በአንዳንድ ሰዎች ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ወደ ፊት ታጥፎ ይመለሳል፤ ቀዳዳዋን ብቻ ለክቶ የሚሰረስር ሐኪም ይህችን እጥፋት ሊነካት ይችላል። በብሎኑ ጫፍና በቦዩ መካከል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይተው የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነርቩ ከተጎዳ ከንፈርና አገጭ ይደነዝዛሉ፣ አንዳንዴም ሳይመለሱ ይቀራሉ፤ ሲበላ ከንፈሩን የሚነክስና ምራቁ ሲወርድ የማይታወቀው ሰው ጉዳቱን ቀላል ሊለው አይችልም።

ከዚህ ያነሰ የሚነገርለት ደግሞ በምላስ በኩል ያለው የመንጋጋው ገጽ ነው። ከኋላ ጥርሶች በታች አጥንቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከላይ ሲታይ ሰፊ የመሰለው ቦታ ከታች ጠባብ ሆኖ ይገኛል። በፊት ጥርሶች በኩል መሰርሰሪያው አጥንቱን በስቶ ወደ ምላስ ወገን ከወጣ ከምላስ ሥር ያለ የደም ሥር ሊቆረጥ፣ ደሙም ተጠራቅሞ ምላሱን ወደ ላይና ወደ ኋላ በመግፋት የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። ይህ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያጋጥም ግን ሕይወትን ያሰጋል። መንጋጋውን በሙሉ በአንድ ምስል የሚያነሳው የተለመደው ፓኖራማ ራጅ ጠፍጣፋ ምስል በመሆኑ ይህን ስርጉድ አያሳይም፣ የአጥንቱንም ውፍረት አይናገርም።

የላይኛው መንጋጋ ችግር ሌላ ነው። ከኋላ ጥርሶች በላይ ሳይነስ የሚባለው አየር የያዘ ክፍተት ይገኛል፤ ውስጡን የሸፈነው ስስ ሽፋን በጤናማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ጥርሶቹ ሲነቀሉ ሳይነሱ ወደ ታች ይሰፋል፣ አጥንቱም ከድድ በኩል ይሟሽሻል፤ የሚተርፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የዚህ አካባቢ አጥንት ከሌላው የላላ ነው። ሽፋኑን ከፍ አድርጎ ከሥሩ አጥንት መሙላት የታወቀ ሕክምና ቢሆንም፣ ታካሚው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ነው።

እዚህ ላይ በብርቱ የምለው አለኝ፦ የተከላው ጉዳይ መነሳት ያለበት ጥርሱ ሲነቀል ነው። የላይኞቹን የፊት ጥርሶች በከንፈር በኩል የሚደግፈው አጥንት በብዙ ሰዎች 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሕልውናውም በጥርሱ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ጥርሱ ሲሄድ ይከተላል። ከተነቀለ በኋላ ባለው አንድ ዓመት የአጥንቱ ስፋት በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል፣ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ዓመታት ቆይቶ ሲመጣ የሚጠብቀው ሌላ መንጋጋ ነው።

ፓኖራማ የማያሳየውን የአጥንት ውፍረት የሚያሳየው፣ ኮን ቢም ሲቲ የተባለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ከተራ የጥርስ ራጅ የበለጠ ጨረር እንዳለው፣ ዋጋውም እንደሚጨምር የሚያነሱ ሐኪሞች ተገቢ ነገር ነው የሚናገሩት። ጨረሩ ግን ባብዛኛው ከሆስፒታል ሲቲ ስካን ያነሰ ነው፤ የሚፈለገውን ቦታ ብቻ በማንሳትም ይቀነሳል። አንዳንዶች የእጅ ልምድ ይበቃል ይላሉ፤ ልምድን አከብራለሁ፣ ነገር ግን ጣት በድድ ላይ ሲዳስስ የሚያገኘው የሥጋውንና የአጥንቱን ድምር ውፍረት ነው። ስለዚህ የፈቃድ ወረቀቱ ከመቅረቡ በፊት ሐኪሙ መንጋጋው በአግድም ተቆርጦ የሚታይበትን የዚህን ምስል ገጽ በታካሚው ፊት ይክፈት፤ ነርቩ ወይም ሳይነሱ የት እንዳለ በጣቱ ያመልክት፤ እስከ ነርቩ ወይም እስከ ሳይነሱ ድረስ ስንት ሚሊ ሜትር አጥንት እንዳለም በቁጥር ይንገረው።