«አፍሬይድ» ከስም በፊት አይገባም

በጅማ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዘንድ የሚዘዋወረው የእንግሊዝኛ ማስታወሻ «አፍሬይድ» እና «ስኬርድ» ሁለቱም «የፈራ» ማለት ስለሆኑ በየትኛውም ቦታ ይተካካሉ ይላል። አዘጋጁ ለተማሪዎች አስበው መድከማቸው ያስመሰግናል፤ ትርጉሙንም አልሳቱም። የሳቱት ቦታውን ነው። «የፈራ ልጅ» ለማለት «ኤ ስኬርድ ቻይልድ» ይባላል፤ «አን አፍሬይድ ቻይልድ» ግን አይባልም። «አፍሬይድ» ከግሥ በኋላ ይመጣል፦ «ዘ ቻይልድ ኢዝ አፍሬይድ»። አማርኛ እንዲህ ያለ ክልከላ ስለሌለው ስህተቱ ለጆሯችን አይጎረብጥም። («አስሊፕ» እና «አላይቭ»ም ጠባያቸው ይኸው ነው።) ማረጋገጥ የሚፈልግ የኦክስፎርድን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ይክፈት፤ ከስም በፊት እንደማይገባ እዚያው ቃሉ አጠገብ ተጽፏል። ማስታወሻው ሳይታረም ከተሸመደደ ግን በምርጫ ጥያቄ ላይ ነጥብ ያስጥላል።