ሃይላንዱ ቆሻሻ አይደለም!

ዛሬም ጠዋት ሞተር ጀልባ በመረብ ላይ! ኧረ ጀልባ ነጂዎች፣ በፈጠራችሁ! አባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ጉማሬ ለማሳየት በሙሉ ጋዝ መክነፍ ምን የሚሉት ነው? ያ የሚንሳፈፈው ባዶ ሃይላንድ ቆሻሻ መሰላችሁ? ምልክት ነው! ሥሩ ማታ የተጣለ መረብ አለ። ቀረሶው፣ አሳው ማለቴ ነው፣ ገና ከመረቡ አልወጣም።

የሚከስረው አሳ አጥማጁ ብቻ ይመስላችኋል። የመረቡ ናይለን ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ ዘይትና ውሃ የሚለየውን ጎማ (ኦይል ሲል) ይበላል፣ ውሃ ይገባል፣ የማርሹ ዘይት ወተት ይሆናል። ከዚያ “ዕቃው ፎርጅድ ነው!” ትላላችሁ። አዎ፣ ጥፋቱ የቻይና ነው።

ሃይላንድ ሲታይ ጋዝ ቀንሶ መዞር ይህን ያህል ከበደ? ከተያዛችሁም ሞተሩን አጥፍታችሁ ከውሃው አንሱትና መረቡን በእጅ ፍቱት። የለም! የኋላ ማርሽ! መረቡ እንደ ድውር ይጠቀለላል። የደንገል ታንኳው በማዕበላችሁ ሲናጥ ደግሞ እናንተ ፎቶ!